የተራዘመው መርከብና የቆየው መርዶ

ኢንሹራንሱን የገዛሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው እንዳይታማበት ነው።

ጓደኛዬ የምትኖረው ሳን ሆዜ ነው፤ እኔ ኦክላንድ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንተዋወቃለን። እኔ በተማሪነት ቀደም ብዬ አሜሪካ የመጣሁ ነኝ፤ እሷ ከሱዳን በስደት መጥታ እኔ ተከራይቼው በነበረ አፓርታማ ውስጥ ሁለት ዓመት አብረን ኖርን። ከዚያ ሳን ሆዜ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ አገባች፣ ወንድ ልጅ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች፣ ጡረታ ወጣች። እኔም በርክሌ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ወረቀት ሲመጣባት እኔ ጋ ትደውላለች፤ ሰው ሲያስቸግረኝ እኔ እሷ ጋ እደውላለሁ። እንዲህ ተደጋግፈን ነው እዚህ የደረስነው።

ክሩዝ እንሂድ ያልኩትም እኔ ነኝ። መርከቡ ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ አላስካ ድረስ ደርሶ ይመለሳል፤ አሥር ቀን ነው።

«አላስካ ምን አለ?» አለችኝ።

«በረዶ።»

«በረዶ እኔም ፍሪዘሬ ውስጥ አለ።»

«እዚያ ምንም ሳንሠራ አሥር ቀን እንቀመጣለን።»

«ምንም ላለመሥራት ሳን ሆዜ አይበቃኝም?»

ሁለት ወር ለመንኳት። በመጨረሻ እሺ ስትል፣ ሐሳቧን ሳትቀይር ብዬ በዚያው ቀን ትኬቱን ቆረጥኩ፤ በሳምንቱ ደግሞ የጉዞ ኢንሹራንሱን ገዛሁ። ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ከመሄዳችን በፊት አንዳችን ብንታመም ወይም የቅርብ ዘመድ ቢሞትብን የከፈልነው እንዳይቀልጥ ነው አልኳት። አማተበች።

«ገንዘብ ከፍለሽ ታሟርቻለሽ?»

«ማሟረት አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው።»

«ጥንቃቄ ጸሎት ነው» አለችና ወሬውን ዘጋች።

የሁለታችንንም ስም፣ የሁለታችንንም ኢሜይል አስገባሁ። ኢሜይሏን ልጇ ለፋርማሲ ብሎ ያወጣላት ነበር፤ ከፍታው አታውቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ወጥ ቤቷ ቁጭ ብዬ አስተማርኳት። «በየጠዋቱ እዪው፤ የመርከቡ ወረቀት ሁሉ የሚመጣው በዚህ ነው» አልኳት። ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ከዚያ በኋላ ጸሎቷን አድርሳ ስትጨርስ ኢሜይሏን ታያለች፤ የማይገባት ሲመጣ እኔ ጋ ትደውላለች። «ሶፋ በግማሽ ዋጋ ይላል፤ ከመርከቡ ጋር ግንኙነት አለው?» ብላኝ ታውቃለች።

አሁን ስለ ወንድሟ ልናገር። አባታቸው በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። ደብተር የገዛላት፣ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ ስለ እሷ ከአስተማሪ ጋር የተጣላ፣ ስትሰደድም ለመንገዷ ሰዓቱን ሸጦ የሰጣት እሱ ነው። አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትደውልለታለች። ሁለት ዓመት ያህል ኩላሊቱን ታሞ ነበር፤ ግን ሲያወራ ድምፁ ጤነኛ ነበርና አትሰጋም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር። እናታቸው መሞቷን የሰማችው ሱዳን ሳለች፣ ገበያ መሀል፣ ከማታውቀው ሰው ነው። ሰውየው የሰማች መስሎት «ነፍስ ይማር» አላት። ኦክላንድ አብረን ስንኖር አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፍን ነግራኝ ነበር። «ስወድቅ የያዘኝ ሰው አልነበረም፤ የያዝኩትን ቲማቲም ሰው ረገጠው» አለችኝ። ያንን ቲማቲም ረስቼው አላውቅም።

መርከቡ ዓርብ ሊነሣ፣ ሰኞ ጠዋት ልጇ ደወለልኝ። ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ የሚሠራው እዚያው አጠገብ ካምቤል ነው። አማርኛ ይሰማል እንጂ የሚመልሰው በእንግሊዝኛ ነው።

«አንቲ፣ ማሚ አጠገብሽ ናት?» አለኝ በአማርኛ። በአማርኛ ሲጀምር ደግ ነገር እንደሌለ ገባኝ።

«የለችም። ምን ሆነ?»

«አንክል ፓስድ አዌይ» አለ። ሞተ የሚለውን ቃል በእናቱ ቋንቋ ሊያወጣው አልቻለም። ትናንት ማታ ነው የሞተው፤ የአጎቱ ልጆች በስልክ ነግረውታል፤ ለእሷ እንዳይነግራትም አስጠንቅቀውታል። «ሹድ አይ ቴል ኸር?» አለኝ።

«እንዳትነግራት» አልኩት። «በስልኳም ዘመድ እንዳይደውልባት ተነጋገሩ። እኔ ሰው አማክራለሁ።»

የዕድራችን ሊቀመንበር ሄይዋርድ ነው የሚኖሩት፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ደወልኩላቸው። ነፍስ ይማር ብለው ወዲያው ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«ቅዳሜ ጠዋት ይሁን» አሉ። «ሰው ሁሉ ኦፍ ነው፤ የንስሐ አባቷም ይመቻቸዋል። ደም ብዛት አለባት፤ ብቻዋን እንዳትሰማ።»

«ጋሼ፣ ዓርብ መርከብ እንሳፈራለን እኮ።»

«እንግዲያው ደርሳ ትመለስና ትረዳለች።»

«አሥር ቀን አንድ ክፍል አብሬያት እያደርኩ? እኔ አልችልም።»

«ካልቻልሽ መርከቡን ካንስል አድርጊው» አሉኝ፣ የታክሲ ጥሪ ይመስል።

እንዳሉት አደረግኩ፤ ካንስል ሳይሆን ማዛወር። መርከብ ድርጅቱ ጋ ስደውል አንዲት ሴት ወደ መስከረም ልታዛውረው እንደምትችል ነገረችኝ፤ መነሻው ስለደረሰ ግን መቀጫ አለው። ኢንሹራንሱስ አልኳት። «እሱ ከመርከቡ ጋር አብሮ አይዛወርም» አለችኝ። የተገዛው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሆነ፣ አዲሱን ቀን እኔ ራሴ ለኢንሹራንስ ድርጅቱ ካላሳወቅኩ መስከረም ላይ ባዶ እጄን ነኝ። መቀጫውንም እንዲሸፍኑልኝ ከፈለግኩ ምክንያቱን መጀመሪያ ለእነሱ ማስመዝገብ አለብኝ። ስለዚህ እነሱ ጋ ደወልኩ።

ያነሣው ሰውዬ ትዕግሥተኛ ነበር። ለምን እንደምናዛውር ጠየቀኝ። እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር፤ ግን ለኢንሹራንስ መዋሸት ወንጀል ነው፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ እኔ ደግሞ ወረቀት የማነብ ሰው ነኝ።

«የጓደኛዬ ወንድም ሞቷል» አልኩት።

«አዝናለሁ። እሷን ላነጋግራት እችላለሁ?»

«አይቻልም። አልሰማችም።»

«ምኑን?»

«መሞቱን።»

ሲጽፍ ይሰማኝ የነበረው ሰውዬ መጻፉን አቆመ። የወንድሟን ሞት ለእሷ ሳልነግር ለእሱ የነገርኩበትን ምክንያት ላስረዳው ሞከርኩ። እኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም አልኩት፤ ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል፣ ትልቅ ሰው አለ፣ ቄስ አለ፣ ጠዋት ነው፣ ስትወድቅ የሚይዛት እንዲኖር ነው። አላቋረጠኝም። ስጨርስ «እኔ የእናቴን ሞት የሰማሁት በቴክስት ነው» አለኝ።

«እባክህ ማንም እንዳይደውልላት» አልኩት።

«ፋይሉ ላይ አሰፍረዋለሁ። ማንም አይደውልላትም።»

ቃሉን ጠበቀ። ማንም አልደወለላትም።

የቀረው የጉዞውን መዛወር ለእሷ መንገር ነበር፤ ማክሰኞ ጠዋት ደወልኩና ዐይኔን በጨው አጥቤ ጉልበቴ አብጧል አልኳት። ሐኪሙ መርከብ እንዳልሳፈር ከልክሎኛል፣ ጉዟችንን ወደ መስከረም አዛውሬዋለሁ አልኳት። የማላውቀውን ሰውዬ በእውነት አስተናግጄ ጓደኛዬን በውሸት፤ ስልኩን ሳልዘጋ ነው ያፈርኩት።

«ጉልበትሽ? ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ከእኔ ቀድመሽ ወጥተሽ የለም?»

«እሑድ ነው የጀመረኝ።»

«ነገ እመጣለሁ።»

«አትምጪ፤ ምንም አይደል።»

«ሻንጣዬን ሸክፌ ጨርሻለሁ፤ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?» አለችና ዘጋችው።

ረቡዕ ጠዋት በባቡር መጣች። የሚለጠጥ ፋሻ ከፋርማሲ ገዝቼ ጉልበቴን ጠቅልዬ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ጠበቅኳት። በሩን ክፍት ትቼላት ነበር። ገብታ ቆማ አየችኝ። አስተያየቷ ረዘመብኝ፤ ፋሻውን አሳምሬ ስላላሰርኩት መሰለኝ።

«የትኛው ነው?» አለች፣ ፋሻው እየታየ።

«የግራው» አልኩ፤ እኔ ራሴ ጎንበስ ብዬ አይቼ።

የጾም ሽሮ በዕቃ ይዛ መጥታ ነበር። ምድጃ ላይ ጣደችው፣ እጇን ታጠበች፣ ቅባት አወጣችና መሬት ላይ ትራስ ጥላ ተቀመጠች። ፋሻውን ፈታ ታሸኝ ጀመር። የእሷ እጅ ኃይለኛ ነው፤ ስንት ዓመት ትንንሽ ሽቦ ሲይዝ የኖረ ጣት ነው። ሌላ ጊዜ ስታሽ ወሬ አታቋርጥም፤ ያን ቀን አልተነፈሰችም።

«ደከመሽ እንዴ?» አልኳት።

«ባቡሩ ነው።»

ጤነኛ ጉልበቴን ስታሽ፣ እኔ ጣራውን ሳይ፣ ብዙ ቆየን። አንጀቴን በላችኝ። ልንገራት ብዬ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ፤ ሁለት ጊዜም ቲማቲሙ ትዝ አለኝ። እዚህ ቤት ከእኔ በቀር ማን አለ? ብትወድቅ እኔ ብቻዬን ላነሣት ነው? ሦስት ቀን ብቻ ነው የቀረው፣ ሆድ ይፍጀው አልኩ።

«ለወንድሜ ደወልኩ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። «አያነሣም።»



«ኔትወርክ ይሆናል» አልኳት። «ሰሞኑን አዲስ አበባ ኔትወርክ አስቸግሯል ይባላል።»

«ነው?»

«አዎ። ሁሉም ሰው ነው የሚያማርረው።»

ቅባት ጨመረች። «ሌላ የሚያምሽ ነገር የለም?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

መልሳ ጠቀለለችኝ፤ ከእኔ ይልቅ በደንብ አድርጋ። ሽሮውን አቀረበችልኝ፤ እሷ አልበላችም። ጾሜን ልዋል አለች። ዕቃውን አጥባ ሰዓት ሳይረፍድ ልሂድ ብላ ተነሣች። ጉልበቴን ታምሜአለሁና እስከ ባቡር ጣቢያው ልሸኛት አልቻልኩም። በመስኮት ሳያት መንገዱን ስትሻገር ግራ ቀኝ አላየችም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ እያደር ከበደ። ሐሙስም ዓርብም አልደወለችልኝም፣ እኔም እፎይ አልኩ፤ መደወል ነበረብኝ።

ቅዳሜ ከማለዳው ሃያ የምንሆን ሰዎች መኪና ማቆሚያዋ ላይ ተሰበሰብን። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘዋል፤ የንስሐ አባቷ መስቀላቸውን ይዘዋል። ማነከስ እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ ደረጃው መሀል ደርሼ ነው፤ እዚያ ስደርስ ደግሞ ለምን አልኩና ተውኩት። ልጇ በሩን ከፈተልን።

እሷ ሳሎን ተቀምጣለች። ሶፋው ወደ ግድግዳው ተገፍቷል፤ የወጥ ቤቱ ወንበሮችና ከጎረቤት የመጡ የሚታጠፉ ወንበሮች ዙሪያውን ተደርድረዋል። መሀሉ ባዶ ነው። ለመርከቡ የሸከፈችው ሻንጣም አይታይም። ልጇ አስቦ አዘጋጀው፣ ተባረክ አልኩ በልቤ።

ጋሼ ቆመው ጀመሩ። እግዚአብሔር የሰጠውን ይወስዳል፣ ሁላችንም እንግዶች ነን፣ እያሉ በወጉ ዞረው ዞረው ስሙን ጠሩ። እሷ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። አንድ ጊዜ እኔን አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ ወንድሜን ብላ ጮኸች፣ ደረቷን መታች፤ ስትወድቅ አራት ሰው ያዛት። አንዷ እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ያለቀስኩት ለወንድሟ ብቻ አይደለም፤ ተሳካልኝ ብዬም ነው። ጋሼ በኋላ ደረጃው ላይ «በወጉ ተረዳች» አሉኝ፤ ረክተው ነበር።

አንድ ሳምንት እሷ ቤት አደርኩ። እንግዳ ተቀበልኩ፣ ሰሃን አጠብኩ፣ ስለ ጉልበቴ ማንም አልጠየቀኝም።

ከአርባው በኋላ የሞት ማስረጃው ከአዲስ አበባ መጣ። ልጇ አስተርጉሞት፣ ቀኑን ከእኛ አቆጣጠር ወደ እነሱ ለውጦት፣ እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ አረጋግጬው የኢንሹራንሱን ፎርም ይዤ ሳን ሆዜ ሄድኩ። ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ፣ ኢሜይል ያስተማርኳት ወንበር ላይ ተቀምጬ መሙላት ጀመርኩ። እሷ መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ ናት። ስም፣ ዝምድና፣ የመጀመሪያው የመነሻ ቀን፣ የተዛወረበት ቀን። ከዚያ ፎርሙ እያንዳንዱን ተጓዥ ለየብቻ ይጠይቃል፤ ስለ ሞቱ መጀመሪያ ያወቁት መቼ ነው ይላል። በእሷ ቦታ የቅዳሜውን ቀን ጻፍኩ።

ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ይኼ ቅዳሜ ነው።»

«አዎ።»

«ቅዳሜ አይደለም። ረቡዕ ነው።»

አልገባኝም። ስልኳን አወጣች። መፈለግ አላስፈለጋትም፤ ምልክት አድርጋበት ነበር። ከኢንሹራንስ ድርጅቱ የመጣ ኢሜይል ነው። በወንድምዎ ሞት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን ይላል፤ ከሥሩ የፋይል ቁጥር አለው። የመጣው ረቡዕ ጠዋት ነው። ስልክ አትደውሉ ብዬ የለመንኩት እኔ፣ ኢሜይል የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ አላለኝም፤ ሰሙኝ፣ አልደወሉም፣ ጻፉላት።

«ባቡሩ ሄይዋርድ ሳይደርስ ነው ያነበብኩት» አለችኝ። «የመርከቡ ወረቀት መስሎኝ። ብራዘር የሚለውን አውቃለሁ። ዴዝ የሚለውንም አውቃለሁ።»

ስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። ብቻዋን እንዳትሰማ ብዬ፣ ለሁለተኛ ጊዜ፣ በማታውቀው ሰው፣ በመንገድ ላይ አሰማኋት። አሁን ስጽፈውም ፊቴ ይግላል።

«ለምን አልተመለስሽም?» አልኳት፤ ሌላ የምለው አጥቼ።

«ወዴት ልመለስ? ወደ አንቺ እየመጣሁ እኮ ነው።»

ወረቀቱ ላይ አቀረቀርኩ።

«ስደርስ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው» አለች። «ከሄይዋርድ እስከ ኦክላንድ ጥርሴን ነክሼ የመጣሁት፣ አንቺ ጋ ደርሼ ላለቅስ ነው።»

«ጋሼ ቅዳሜ ብለው…»

«በመርዶው አልተቀየምኩም። እኔም ስንቱን ሄጄ አርድቻለሁ፤ ቅዳሜ እንደምትመጡ አላጣሁትም። እነሱ እንዳያፍሩ ብዬ ሦስት ሌሊት ልጄ እንዳይሰማኝ ትራስ ነክሼ ጠብቄያቸዋለሁ፤ ወንበሩንም የደረደርኩት እኔ ነኝ። ወግ ነው፣ ይሁን።» መነጽሯን አወለቀች። «ግን ጠየቅኩሽ እኮ። አያነሣም ብዬ ጠየቅኩሽ። ኔትወርክ ነው አልሽኝ።»

ይቅርታ አልኳት። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። ቅዳሜን ሰርዤ ረቡዕ ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ የእኔ ቦታ ባዶ ነበር።

«ያንቺስ መቼ ነው?» አለችኝ።

«ሰኞ።»

«ጻፊው።»

ጻፍኩት። ሁለቱ ቀኖች አንዱ ካንዱ ሥር ተቀምጠው ብዙ አየቻቸው።

የቀረው ኢንሹራንሱን ወደ መስከረሙ ጉዞ ማዛወር ነበር። ጉዞው ይቅር ትላለች ብዬ ነበር፤ አላለችም። ስማችንን፣ አዲሱን ቀን ሞላሁ። የሁለተኛው ተጓዥ ኢሜይል የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ያንቺን ላውጣው?» አልኳት። «በእኔ ብቻ ይምጣ?»

አሰበች። ተነሥታ ቧንቧውን ከፍታ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ቀዳች፤ አንዱን ፊቴ አስቀመጠችው።

«ተዪው፣ ይቆይ» አለችኝ። «ሌላ ጊዜ ግን አንቺ ቅደሚያቸው።»